ከጦርነት የተረፈው ፊልም እና የአኒሜሽን ፈር ቀዳጇ ሎተ ራይኒገር

በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ የቆዩ ካሴቶች ተሰድረው ይገኛሉ። ከተማዋ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1988 በዚያድ ባሬ መንግሥት ስትደበደብ የሶማልኛ ዘፈኖችን ከጥፋት ያዳኗቸው በየቤቱ የተደበቁና ከስደተኞች ጋር ድንበር የተሻገሩ ቅጂዎች ናቸው።

ከአኒሜሽን ፊልም ፈር ቀዳጆች አንዷ የሆነችው የጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ታላቅ ሥራም ለእኛ ዘመን የደረሰው በቅጂ ነው።

ሎተ በ1899 በርሊን ውስጥ ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች የሰውና የእንስሳት የጥላ ምስል ታወጣ ነበር። የቴአትር ተማሪ ሳለች የተዋንያንን ምስል እየቆረጠች የፊልም ባለሙያውን የፓውል ቬገነርን ቀልብ ሳበች፤ በ1919 የመጀመሪያ አጭር ፊልሟን ሠራች።

የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ባጣበት በ1923፣ ገንዘቡን በጥሬ ፊልም ላይ ያዋለ ሉዊስ ሃገን የተባለ የባንክ ባለቤት ረጅም ፊልም እንድትሠራ ጠየቃት። ስቱዲዮዋም ፖትስዳም ከሚገኘው መኖሪያው ጋራዥ በላይ ያለው ክፍል ሆነ። ከባለቤቷ ካርል ኮኽና ከጥቂት ባልደረቦቿ ጋር በሽቦ የተገጣጠሙ የካርቶን አሻንጉሊቶችን ከሥሩ ብርሃን በሚበራበት መስታወት ላይ እያስተኛች፣ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰች ሩብ ሚሊዮን ገደማ ምስሎችን አነሳች። ሥራው ሦስት ዓመት ፈጀ።

ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተቀዳው "የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች" በ1926 በርሊን ላይ ታየ። ዋልት ዲዝኒ "ስኖው ዋይት"ን ያቀረበው ከ11 ዓመታት በኋላ ነው። ከሎተ ቀደም ብለው በአርጀንቲና የተሠሩት የኪሪኖ ክሪስቲያኒ ፊልሞች በመጥፋታቸው፣ እስከ ዛሬ ከተረፉት ረጅም የአኒሜሽን ፊልሞች ቀዳሚው የእሷ ነው።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ባልና ሚስቱ መሰደድን መረጡ። ሆኖም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጣቸው አገር ባለማግኘታቸው ቪዛቸው ባለቀ ቁጥር ከአገር አገር ሲንከራተቱ ዓመታት አለፉ። በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ የታመመች እናቷን ለማስታመም ወደ በርሊን ተመለሰች። በ1945 በከተማዋ በተካሄደው ውጊያ የፊልሙ ዋና ኔጋቲቭ ወደመ።

በ1949 ለንደን ገብታ መቀሷን እንደገና አነሳች። ለቴሌቪዥን በርካታ የልጆች ተረቶችን ሠርታ በ1955 በቬኒስ ተሸለመች። በ1981፣ በ82 ዓመቷ ጀርመን ውስጥ አረፈች።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀርመን ባለሙያዎች ለንደን ተቀምጦ የቆየውን ቅጂ መሠረት አድርገው ፊልሙን ከነቀለሙ አደሱት። በርሊን ያጣችውን ለንደን አቆይታው ነበር።