ሰር ሳሙኤል ቤከርና የዐረብኛ ትምህርቱ

ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሰር ሳሙኤል ቤከር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1821 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። በ1861 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ለመፈለግ፥ በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋራ ከካይሮ ተነሣ። በርበር በደረሰ ጊዜ ግን ዐረብኛ ባለማወቁ ሥራውም ሕይወቱም በአስተርጓሚው እጅ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ የደቡቡን ጉዞ አንድ ዓመት አቆይቶ፥ ቋንቋውን ከሕዝቡ መካከል ለመማርና ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን ወንዞች ለመመርመር ወደ ምሥራቅ ሱዳን አቀና።

በሰኔ ወር ደርቆ የነበረው የአትባራ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሲሞላ አየ። ከዚያም በከሰላ አልፎ፥ የነሐሴን ወር ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ በአትባራ ዳር ባለችው በሶፊ መንደር በሣር ጎጆ ተቀምጦ፥ ከአገሩ ሰዎች ጋራ እየተነጋገረ ዐረብኛውን ተማረ። ዝናሙ ካባራ በኋላ በሰቲትና በአንገረብ ዳር ከሐምራን አዳኞች ጋራ ተዘዋውሮ፥ በመተማ በኩል አድርጎ በሰኔ 1862 ዓ.ም. ካርቱም ገባ።

ከዚህ ጉዞ ያገኘው ትርፍ ሁለት ነበረ። አንደኛው፥ የግብፅን እርሻ የሚያለማው ጎርፍና ደለል በአትባራና በጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ የሚወርድ መሆኑን ማስረዳቱ ነው። ሁለተኛው በ1863 ዓ.ም. ታየ፤ በጎንዶኮሮ ቅጥር ጭፍሮቹ ባመፁበት ጊዜ፥ በሰው አፍ ሳይሆን በገዛ አንደበቱ ተከራከራቸው። በመጋቢት 1864 ዓ.ም. አልበርት ብሎ ከሰየመው ሐይቅ ደረሰ። በ1893 ዓ.ም. በአገሩ በእንግሊዝ ዐረፈ። ጉዞውን ያዘገየበት ያ አንድ ዓመት፥ ለመድረሱ ዋነኛው ስንቅ ሆኖለት ነበር።