ይድነቃቸው ተሰማ፦ የአፍሪካን እግር ኳስ ቤት ያቆሙ፣ ሀገራቸው ግን ሜዳ የምትጠብቅላቸው ሰው

በዱባይ ዑድ ሜሣ ሰፈር የሚያልፍ ሰው የአል መክቱም ስታዲየምን ከመኖሪያ ቤቶች፣ ከሱቆችና ከትምህርት ቤቶች መካከል ቆሞ ያገኘዋል። በሻርጃም ሆነ በአጅማን ክለቡና ስታዲየሙ ከከተማው ኑሮ ጋር ተቀራርበው ይታያሉ። ሀገሪቱ በ2019 የእስያን ዋንጫ ባስተናገደች ጊዜ የአል መክቱምና የሻርጃ ስታዲየሞች ከተመረጡት ሜዳዎች መካከል ነበሩ። በሥራ ቀን በአጠገባቸው የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ልቡ ወደ አዲስ አበባ መመለሱ አይቀርም። የእርሱ ሀገር ብሔራዊ ቡድን በገዛ ሜዳው መጫወት አቅቶት የሌሎችን ደጅ ሲጠና ማየት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋልና።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የኢትዮጵያ ስታዲየሞች ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚጠየቀውን ደረጃ አያሟሉም ብሎ በ2021 ከወሰነ ወዲህ፣ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያደርጉ ቆይተዋል። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት ታላቅ ቀን እንኳ የዋለው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም ፍጻሜው በደጋፊው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲናፈቅ ኖሯል። ይህ ሁሉ በሌላ ሀገር ላይ ቢደርስ አንድ ነገር ነው። ውድድሩን ከመሠረቱት ጥቂት ሀገሮች በአንዷ ላይ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ይከብዳል። ክብደቱን ለመረዳት የአንድ ሰው ሕይወት መከተል ይበቃል፤ እርሱም የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ነው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. (መስከረም 11 ቀን 1921 እ.ኤ.አ.) በጅማ ነው። ጅማ በዚያን ዘመን በንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ የምትተዳደር፣ የዑለማና የነጋዴ መናኸሪያ የነበረች ከተማ ናት። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ገጣሚና ድምፃዊ ነበሩ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የአውቶሞቢል ነገር የተማሩ፣ በዚያውም ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን የራሳቸውን ስም የጻፉት በኳስ ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ወራሪው ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ ሲገዛ ስፖርቱንም አልማረም። ኢትዮጵያውያን ቡድኖች ከኢጣሊያውያን ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይገጥሙ ተከለከሉ፤ ጊዮርጊስም ስሙን ተቀምቶ በኢጣሊያኛ መጠሪያ እንዲጫወት ተገደደ። ወጣቱ ይድነቃቸው በወራሪው ዘመን ኳስ የተጫወቱት በዚህ ክፍፍል ውስጥ ነው። ከሃያ ዓመታት በኋላ በዓለም አደባባይ ስለ ደቡብ አፍሪካ ሲሟገቱ ያሳዩት የማይናወጥ አቋም ሥሩ ከዚህ እንደሚነሣ መገመት አያስቸግርም። ሰው በቆዳው ቀለም ከሜዳ ሲባረር ምን እንደሚሰማው ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

ወራሪው ተባርሮ ነጻነት ሲመለስ የአዲስ አበባ እግር ኳስ ከባዶ መነሣት ነበረበት። በ1943 እ.ኤ.አ. ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ከዋነኞቹ አስተባባሪዎች አንዱ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ላይ የተሰለፉት ቡድኖች የከተማዋን መልክ ያሳያሉ፤ ከኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ ጋር የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የኢጣሊያውያንና የእንግሊዝ ጦር ተልዕኮ ቡድኖች ነበሩበት። ዋንጫውንም የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነበር። ይድነቃቸው በዚያ ዘመን የጊዮርጊስ አጥቂ፣ የፌዴሬሽኑ ሠራተኛና የሕጉ አስተማሪ በአንድ ላይ ነበሩ። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ በመመለስ፣ ዳኛውም ተጫዋቹም በሚያውቀው ቋንቋ እንዲዳኝና እንዲጫወት አድርገዋል። ለአንድ ክለብ ብቻ ታምነው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተው ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ነው።

ከሀገር ያለፈው ሥራቸው የጀመረው ግን ገና ተጫዋች ሳሉ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር በካርቱም የግብፅ፣ የሱዳን፣ የደቡብ አፍሪካና የኢትዮጵያ ወኪሎች ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። ግብፃዊው ዐብዱልዐዚዝ ዐብደላህ ሳሊም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ለውድድሩ የመጀመሪያውን ዋንጫም በስማቸው ሰጡ። ሱዳናዊው ሐኪም ዶክተር ዐብዱልሐሊም ሙሐመድ የአስተናጋጁ ሀገር ድምፅ ነበሩ። ኢትዮጵያን የወከሉት ይድነቃቸው ናቸው። ከዓባይ ተፋሰስ የመጡ የሦስት ሀገር ሰዎች፣ ሁለቱ ሀገሮች ሙስሊም የሚበዛባቸው፣ አንዷ የሁለቱም እምነት ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያቆሙት ቤት ዛሬ ከ50 በላይ ሀገሮችን አቅፏል።

ያ ቤት በተመሠረተበት ሳምንት ፈተና ገጠመው። የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ አልሆኑም። የቀሩት መሥራቾች በቀለም የተለየ ቡድን አንቀበልም አሉ፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። አራት ሊሆኑ የታሰቡት ተወዳዳሪዎች ሦስት ሆነው ቀሩ። በደቡብ አፍሪካ መውጣት ምክንያት በቀጥታ ለፍጻሜ ያለፈችው ኢትዮጵያ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሆኖም ያ ውሳኔ ከውጤቱ ይልቅ ዕድሜ ነበረው። አዲስ የተወለደ ድርጅት፣ ገንዘብም ጽሕፈት ቤትም ሳይኖረው፣ ከአባላቱ ሩቡን ለፍትሕ ሲል ለማጣት ቆርጦ ነበርና።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዋንጫው ወደ አዲስ አበባ መጣ። የጥር 1962 እ.ኤ.አ. ውድድር የኢትዮጵያ እግር ኳስ ከፍታ ነው። ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ያሸነፈው ቡድን፣ ጥር 21 ቀን ሁለቱን ያለፉ ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን ገጠመ፤ ግብፅ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ትጫወት ነበር። እንግዶቹ መጀመሪያ አገቡ። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ስታዲየሙ ገና ጮኾ ሳይጨርስ ግብፆች ደግመው መሩ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ኢትዮጵያን መሪ አደረጋት፤ መንግሥቱ ወርቁም አራተኛዋን ጨምሮ ነገሩን ዘጋ። ዋንጫውን ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ይህን ዋንጫ ደግማ አላነሣችም።

ያ ድል የሆነበት ስታዲየም በከተማዋ እምብርት፣ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ነው። ሰፈሩ ራሱ ስታዲየም ተብሎ እስኪጠራ ድረስ ከአዲስ አበቤው ኑሮ ጋር ተዋሕዷል። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ የሚሉት የመቀመጫ ስሞች የተመልካቹን ኪስና ጠባይ የሚናገሩ፣ ሕዝቡ ራሱ ያወጣቸው ስሞች ናቸው። ደጋፊው ከመርካቶም ከፒያሳም በእግሩ መጥቶ የሚገባበት ሜዳ ነበር። ዛሬ በዴራ ወይም በአጅማን ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ኳስ የሚከራከር ጎልማሳ፣ የልጅነቱን ጨዋታ ሲያወራ ከውጤቱ በፊት የተቀመጠበትን ቦታ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ በ1968 በአዲስ አበባና በአሥመራ፣ በ1976 ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ዋንጫውን አስተናግዳለች። ከሁለቱ መካከል፣ በ1972፣ አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ሁለቱ ግብፃውያን፣ አንዱም የካርቱሙ ዶክተር ዐብዱልሐሊም ነበሩ። አንድ ዓመት ቀድሞም የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። በሀገር ቤት የዘውዱ ሥርዓት ወድቆ ወታደራዊው መንግሥት ሲተካ እንኳ እርሳቸው በአፍሪካውያን አመኔታ በመንበሩ ቆዩ፤ አሥራ አምስት ዓመት መሩ።

በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ዘንድ የተሟገቱባቸው ጉዳዮች በዋናነት ሁለት ነበሩ። አንደኛው የዘር አድልዎ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1961 ታግዳ በ1963 እገዳው ሲነሣላት፣ አፍሪካውያን ተባብረው በ1964ቱ የቶኪዮ ጉባኤ እገዳውን መለሱት፤ በ1976 ደግሞ ጨርሳ ተባረረች። በዚህ ረጅም ትግል ውስጥ የይድነቃቸው ድምፅ ከፊተኞቹ አንዱ ነበር። ሁለተኛው የአፍሪካ ድርሻ ነው። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአህጉሩ አንዲት እንኳ የተረጋገጠ ቦታ ባለመሰጠቱ አፍሪካውያኑ በአንድነት ከማጣሪያው ቀሩ። በ1970 አንድ ቦታ ተገኘ፤ በ1982 ሁለት ሆነ። ዛሬ የአፍሪካ ቡድኖች በዓለም ዋንጫ ሲሰለፉ በየቡና ቤቱ ደስ የሚለን ሁሉ የዚያን ክርክር ፍሬ እየበላን ነው።

ሌላም የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር። አፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾቿን ለአውሮፓ ክለቦች እየሰጠች ብትሄድ የገዛ ስታዲየሞቿ ይራቆታሉ፤ ሕዝቡም ልጆቹን በዓይኑ ማየት ይቀርበታል ብለው ያምኑ ነበር። ከ1965 ጀምሮ አንድ ሀገር በአፍሪካ ዋንጫ ላይ በውጭ ከሚጫወቱት ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ሕግ ነበረ፤ በ1982 ግን ተነሣ። ጊዜው የእርሳቸውን ሐሳብ አልፎት ሄደ። ነገር ግን ዛሬ የአውሮፓን ክለብ መለያ ለብሶ የሀገሩን ክለብ የተጫዋቾች ስም የማያውቅ ወጣት በየከተማው ሲታይ፣ ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም ያሰኛል።

የዚህን ሰው ታሪክ በሙገሳ ብቻ መዝጋት ግን ለእውነት አማና አለመጠበቅ ይሆናል። አህጉሩ በእርሳቸው አመራር ሲያድግ የሀገራቸው ኳስ እየደከመ ሄደ። ኢትዮጵያ በ1982 ከተሳተፈች በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2013 ድረስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቃለች። አንድ ሰው፣ የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን፣ የአህጉርን ቤት እየገነባ የገዛ ቤቱን ጣሪያ ብቻውን ሊጠግን አይችልም። ያ የተተኪዎች ድርሻ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው በሕመም ላይ ሆነው የ1986ቱን የግብፅ ውድድር ከመሩ በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. (ነሐሴ 19 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.) በካንሰር ዐረፉ። ዕድሜያቸው 66 ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። መንበሩን በጊዜያዊነት የተረከቡት የሠላሳ ዓመት ባልደረባቸው ሱዳናዊው ዶክተር ዐብዱልሐሊም ናቸው፤ በቀጣዩ ዓመትም ካሜሩናዊው ዒሳ ሓያቱ ተመረጡ። እርሳቸው ባለፉ በአራተኛው ወር ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አስተናግዳ፣ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ባለ ድል ሆነች። ያን ደስታ አላዩትም።

በእስልምና ትምህርት አማና ማለት ገንዘብ መጠበቅ ብቻ አይደለም። ካለፈው ትውልድ የተቀበሉትን ነገር ሳያጎድሉ ለሚመጣው ማስረከብም አማና ነው። ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው ያስረከቡት ውድድር፣ ሕግና ክብር ነበር። ተቀባዩ ትውልድ ለዚያ ውድድር የሚበቃ ሜዳ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። ኢትዮጵያ የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ ፍላጎቷን መግለጿ ተስፋን አድሷል፤ ተስፋውን የሚያጸናው ግን የሚያልቅ ግንባታ፣ ካለቀም በኋላ የሚጠበቅ ሣርና መቀመጫ ነው።

በባሕረ ሰላጤው የሚኖር ደጋፊ የሚመኘው ብዙ አይደለም። የዕረፍት ፈቃዱን ወስዶ በገባበት ሰሞን ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ስታዲየም መሄድ፣ ሀገሩ በሀገሩ ሜዳ ስትጫወት ማየት፣ በመመለሻውም በ1962 በዚህች ከተማ የሆነውን መተረክ ነው። ያን ቀን ልጁ ይድነቃቸው ማን ናቸው ብሎ ቢጠይቀው፣ መልሱን በጣቱ የሚያሳየው ሜዳ ይኖረዋል።