ኤዲሰን፣ ባትሪውና የብርዱ ወራት

ቶማስ አልቫ ኤዲሰን በዓለም ሕዝብ ዘንድ የታወቀው በኤሌክትሪክ አምፖልና በድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የላኩት የቃል መልእክት እንኳ ተቀርጾ የመጣው የዚሁ ፈጠራ ዘር በሆነ መሣሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ኤዲሰን ከዕድሜው አሥር ዓመት ያህል የፈጀበትና ብዙ ሀብት ያፈሰሰበት ሌላ ሥራ መኖሩ እምብዛም አይወሳም። ይህም በኤሌክትሪክ ኃይል ለሚሄዱ አውቶሞቢሎች የሚሆን ባትሪ ለመሥራት ያደረገው ጥረት ነው። ባትሪው ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ሆኖ ሳለ፣ የሰሜን አሜሪካ ብርድ ግን ኃይሉን ይነፍገው ነበር። ስለዚህ የዚህ ሥራ ታሪክ ለሙያ ሰዎች ከአምፖሉ ታሪክ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል።

ኤዲሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን በተባለች ከተማ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ በሚሺጋን ግዛት፣ በሂዩረን ሐይቅ ጫፍ ወደምትገኘው ወደ ፖርት ሂዩረን ተዛወረ። ይህ አገር በብርድ ወራት ምድሩ በበረዶ የሚሸፈንበት አካባቢ ነው። ኤዲሰን በትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፣ ቀሪውን ዕውቀት የቀሰመው አስተማሪ ከነበረችው እናቱና ከመጻሕፍት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከፖርት ሂዩረን ወደ ዲትሮይት በሚመላለሰው ባቡር ላይ ጋዜጣና ጣፋጭ መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎም የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ። በዚያን ዘመን የቴሌግራፍ መሥመር የሚሠራው በባትሪ ስለነበረ፣ ከባትሪ ጋር የተዋወቀው ገና በወጣትነቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕይወቱ ክፍል በሰፊው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በሜንሎ ፓርክ የምርምር ሥፍራውን አቋቋመ፤ በ1877 ድምፅ መቅረጫውን፣ በ1879 ለረጅም ሰዓት የሚያበራውን አምፖል ሠራ፤ በ1882 በኒው ዮርክ የፐርል ጎዳና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራውን ጀመረ። በ1887 ደግሞ በኒው ጀርሲ፣ በዌስት ኦሬንጅ፣ ከቀድሞው የሚበልጥ ላቦራቶሪ አሠራ። ከዚህ በኋላ የብረት ማዕድን ለማጣራት ያቋቋመው ድርጅት ከፍተኛ ኪሣራ ላይ ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ ባትሪው ሥራ ፊቱን ሲያዞር ዕድሜው አምሳ ሁለት ዓመት ነበር።

ጊዜው ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 አውቶሞቢሎች መካከል 1,575ቱ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሲሆኑ፣ በቤንዚን የሚሠሩት 936 ብቻ ነበሩ። የኤሌክትሪኩ መኪና ድምፅና ጭስ የለውም፤ ማርሽ መቀያየርም አያስፈልገውም። በተለይም በብርድ ጧት ባለቤቱ በረዶ ላይ ቆሞ በእጅ በሚዞር ብረት ሞተር ለማስነሳት አይደክምም፤ የራዲያተሩ ውሃ ይረጋብኛል ብሎም አይሰጋም። ጉድለቱ ያለው በባትሪው ላይ ነበር። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከባድ ነው፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሰሌዳዎቹ ይበላሻሉ። ኃይሉ አልቆ በብርድ ከተተወ ደግሞ አሲዱ ወደ ውሃነት ስለሚቃረብ፣ ረግቶ ሣጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ኤዲሰን አሲድንና እርሳስን ጨርሶ ለመተው ቆረጠ። በአሲድ ፋንታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለውን አልካሊ መረጠ፤ ለሰሌዳዎቹም ልዩ ልዩ ብረታ ብረቶችን እያፈራረቀ ሞከረ። ከሞከራቸው አንዱ ካድሚየም ነበር። በመጨረሻ ግን በአንደኛው ወገን ኒኬልን፣ በሌላው ወገን ብረትን አደረገ። በዚያው ዘመን ቫልዴማር ዩንግነር የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ በተመሳሳይ መንገድ እየተጓዘ የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ሠርቶ ነበር። በኒኬልና በብረት ባትሪ ባለቤትነትም ሁለቱ ሰዎች በሕግ ተከራክረዋል። ካድሚየም በብርድ ከብረት የተሻለ ይሠራል፤ ነገር ግን ብርቅና ውድ ነው። ብረት ደግሞ ርካሽና በየትም የሚገኝ ነው። ስለዚህ የዋጋው ጉዳይ በኋላ በብርዱ ወራት ዕዳ ይዞ መጣ።

የመጀመሪያው የኒኬልና የብረት ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1903 ለገበያ ቀረበ። ስለ ባትሪው ብዙ የተነገረለት ቢሆንም፣ ብዙም ሳይቆይ ሴሎቹ በመጋጠሚያቸው ማፍሰስና ኃይል የመያዝ አቅማቸውን ማጣት ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ኤዲሰን ሥራውን አለባብሶ ሽያጩን መቀጠል ይችል ነበር። እርሱ ግን በ1904 ማምረቱን አስቁሞ ባትሪውን ከገበያ አወጣና ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ። ከዚያም አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። በኒኬሉ ሰሌዳ ውስጥ የነበረውን ግራፋይት በስስ የኒኬል ቅርፊት ተካ፤ የኒኬሉን ውሁድ በተበሳሱ የብረት ቱቦዎች ውስጥ ጠቀጠቀ፤ በፈሳሹም ላይ ጥቂት ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመረ። የተሻሻለው ባትሪ በ1909 ወጣ።

ይህ ባትሪ በጥንካሬው የተመሰገነ ነበር። ንዝረትን፣ ከልክ በላይ መሞላትን፣ ባዶውን ለረጅም ጊዜ መቀመጥንም ይችላል። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለው አውቶሞቢል ከ1911 ጀምሮ ተጨማሪ ዋጋ ለሚከፍሉ ደንበኞች በኤዲሰን ባትሪ ይሸጥ ነበር። በቤንዚን የሚሠሩት መኪናዎች አብዛኞቹ ክፍት በነበሩበት ጊዜ፣ ይህ መኪና ዙሪያውን በመስተዋት የተዘጋ በመሆኑ በበረዶ ቀን በከተማ ውስጥ ለሚመላለሱ ሰዎች የተመቸ ነበር። በሽተኞቻቸውን በየቤቱ የሚጎበኙ ሐኪሞችና ሴቶች ይመርጡት ነበር። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ እንኳ የምትነዳው የ1914 ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር።

ይሁንና ብርዱ ሲጠነክር የባትሪው ድክመት ይገለጥ ነበር። በማንኛውም ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚገኘው በኬሚካላዊ ለውጥ ነው፤ ይህም ለውጥ ሙቀት ሲቀንስ ይዘገያል። ፈሳሹ ይወፍራል፤ በውስጡ የሚጓዙት አዮኖች ይከብዳቸዋል፤ የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ያድጋል። በብረቱ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ይህ ችግር ከእርሳሱ ይልቅ የበረታ ነው። ባትሪው በብርዱ አይበላሽም፤ ሲሞቅ ኃይሉ ተመልሶ ይመጣል። ነገር ግን ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ጧት ሥራ ለመሄድ ሲፈለግ፣ ባትሪው ኋላ መሞቁ ለባለቤቱ አይጠቅመውም። በዚያ ላይ በመንገድ ላይ የተነጠፈው በረዶ የጎማውን ጉዞ ስለሚያከብደው፣ አቅሙ ከቀነሰው ባትሪ የሚጠየቀው ኃይል ከወትሮው የበለጠ ይሆናል።

ዕጣውን የወሰነው ግን ሌላ የብርድ ጧት ችግር ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ሞተር ማስነሻ፣ ማለትም በየጋራዡ ሞተሪኖ የሚባለው መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ አውቶሞቢል ላይ ዋለ። ከዚህ በኋላ የቤንዚን መኪና ባለቤትም በእጁ ብረት ማዞር ቀረለት። ሞተሪኖ ለጥቂት ሰኮንድ እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ይህንንም በብርድ ጧት መስጠት የሚችለው ኤዲሰን የናቀው የእርሳስ ባትሪ ነበር። ፎርድ በዚያው ዓመት ለሞዴል ቲ መኪናው ማስነሻ የሚሆን ባትሪ እንዲሠራለት ኤዲሰንን ጠይቆት ነበር፤ የኒኬልና የብረቱ ባትሪ ግን ለዚህ ሥራ አልበቃም።

የሁለቱ ሰዎች ወዳጅነት የቆየ ነው። ፎርድ በዲትሮይት የኤዲሰን ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ከኤዲሰን ጋር ተገናኝቶ ስለ ቤንዚን መኪናው ሐሳብ ሲያስረዳው ኤዲሰን እንዳበረታታው ፎርድ ራሱ ሲያወሳ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ላይ በኤዲሰን ባትሪ የሚሄድ ርካሽ የፎርድ ኤሌክትሪክ መኪና እንደሚወጣ ተነገረ፤ የሙከራ መኪናዎችም ተሠሩ። ግን አንዱም ለገበያ አልቀረበም። በዚሁ ዓመት ዲሴምበር 9 ቀን በዌስት ኦሬንጅ የተነሣው ቃጠሎ ከኤዲሰን ፋብሪካዎች ብዙዎቹን አወደመ። የሞዴል ቲ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ሲቀንስ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከገበያው እየወጣ ሄደ።

ባትሪው ግን አልሞተም። ቋሚ፣ የማይቆራረጥና ረጅም አገልግሎት በሚፈለግበት ቦታ፣ ማለትም በባቡር መብራትና ምልክት፣ በማዕድን ቆፋሪዎች መብራትና በፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ማመላለሻ መኪናዎች፣ ተፈላጊ ሆነ። ለኤዲሰንም ከትርፋማ ሥራዎቹ አንዱ ሆነለት። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በሰማንያ አራት ዓመቱ አረፈ። በስሙ የተመዘገቡት የአሜሪካ የፈጠራ መብቶች 1,093 ናቸው። የዲትሮይት ኤሌክትሪክ ሥራ በ1939 ተቋረጠ፤ የኤዲሰን ባትሪ ፋብሪካም በ1972 ለሌላ ድርጅት ተሸጦ በ1975 ምርቱ ቆመ።

ብርዱ በኤዲሰን ባትሪ ላይ ያደረሰው ችግር ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 በአምስት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ ባደረገው ፍተሻ፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሆነ ብርድ ማሞቂያው ሳይከፈት የሚጓዙት ርቀት በአማካይ በ12 በመቶ፣ ማሞቂያው ሲከፈት ግን በ41 በመቶ ቀንሷል። የቤንዚን ሞተር ከሚያባክነው ሙቀት መንገደኛውን ያሞቃል፤ የኤሌክትሪኩ መኪና ግን ሙቀቱን ከባትሪው መክፈል አለበት። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ እንደበረደ በፍጥነት ቢሞላ ስለሚጎዳ፣ አስቀድሞ መሞቅ ይኖርበታል። የዛሬ መሐንዲሶች ይህን ተረድተው ባትሪውን ከመነሣቱ በፊት የሚያሞቅ ሥርዓትና ሙቀትን ከውጭ አየር የሚሰበስብ መሣሪያ አብረው ይሠራሉ። በረዶ በማይለያት በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪናዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ለመሆን የበቁት በዚህ ሁኔታ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ይህ ታሪክ ለአገራችን መሐንዲሶችና ቴክኒሺያኖች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ በረዶ አይነጠፍባትም፤ የአፋር ሙቀትና የዓባይ በረሃ ዳገት ግን የየራሳቸውን ፈተና ያቀርባሉ። ኤዲሰን ጉድለቱን ሲያይ ሽያጩን ትቶ ወደ ላቦራቶሪው መመለሱ ሊመሰገንበት ይገባል። ባትሪውን ለንዝረትና ለዕድሜ የፈተነውን ያህል ለብርዱ አላበቃውም። በሌላ አገር አየር የተለካ የጉዞ ርቀት በእኛ መንገድ እንዲሁ ይሠራል ብሎ ከመቀበል በፊት፣ መኪናውን በሙቀቱና በዳገቱ ላይ ራስን ችሎ መለካት የሙያው ግዴታ ነው።