ስሕተቱን ያልደበቀው ሊቅ፤ አልዶ ሊዮፖልድ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ነገር ግን ተምሮም የሚሳሳት አለ፤ ተሳስቶ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ የዱር አራዊት ጥበቃ ሊቅ አልዶ ሊዮፖልድ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሊዮፖልድ በ1887 በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ በበርሊንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ አደን ወዳድ ስለ ነበር ልጁን በሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ እያዞረ የወፎችንና የአራዊትን ጠባይ አስተማረው። በ1909 በዬል ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርቱን ፈጽሞ በመንግሥት የደን ሠራተኛነት ወደ አሪዞና ተላከ።

በዚያን ዘመን ተኩላ የከብትና የአጋዘን ጠላት ነው ተብሎ በየቦታው ይገደል ነበር። ወጣቱም ተኩላ ካለቀ አጋዘን ይበዛል፤ ለአዳኝም ይተርፋል ብሎ ያምን ነበርና ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአንዲት እናት ተኩላ ላይ ተኰሰ። ቀርቦ ሲያያት በዓይኗ ውስጥ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ተመለከተ፤ ይህም ከልቡ ሳይወጣ ኖረ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ውጤቱ ታየ። ተኩላ በጠፋበት ተራራ አጋዘን እጅግ በዛ፤ ቡቃያውንና ቅጠሉን ጋጠ፤ በመጨረሻም ራሱ በረኃብ አለቀ። ሊዮፖልድም የእንስሳት ብዛት ከመኖው፣ ከውኃው፣ ከመጠለያውና ከሚበላቸው አውሬ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ተረዳ። በ1933 ስለ ዱር እንስሳት አያያዝ ትልቅ የትምህርት መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዚሁ ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነ።

ዕውቀቱ ግን ፈተና አመጣበት። በ1940ዎቹ ዓመታት በዊስኮንሲን የአጋዘኑ ብዛት ከደኑ አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ እንስቶቹ ጭምር ታድነው ቍጥሩ እንዲቀነስ መከረ። ብዙ ሰዎች፣ አዳኞችም ሳይቀሩ፣ የአጋዘን ጠላት ነው ብለው ተቈጡት፤ በጋዜጣም ነቀፉት። እርሱ ግን የቀድሞ ስሕተቱን ራሱ ጽፎ እየገለጠ በሐሳቡ ጸና።

ከ1935 ጀምሮ በዊስኮንሲን ወንዝ አጠገብ አንድ የተራቈተ እርሻ ገዝቶ ከባለቤቱ ከኤስቴላና ከአምስት ልጆቹ ጋር በሺህ የሚቈጠሩ የጥድ ችግኞች ተክሏል። ሚያዝያ 1948 በጎረቤቱ እርሻ የተነሣውን የሣር እሳት ለማጥፋት ሲረዳ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ። ዝነኛው መጽሐፉ የታተመው በ1949፣ እርሱ ካረፈ በኋላ ነው።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማር፤ አንደኛው፣ አንዱን ፍጥረት ስናጠፋ ሌላውን እንደምንጐዳ ነው። ሁለተኛው፣ ትናንት ያመንነው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ሳናፍር ማረም እንደሚገባን ነው።