በእጅ መታጠብ ሕይወት የታደጉት ሐኪም

ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1818 በቡዳ ከተማ ተወለዱ። በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሲሠሩ፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች አዋላጆች ከሚሠሩበት ክፍል እጅግ እንደሚበልጡ ተገነዘቡ። በአስከሬን ምርመራ ወቅት በስለት ተወግተው የሞቱት ባልደረባቸው ሁኔታ መንስኤውን አመላከታቸው፤ ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል በእጃቸው ይዘውት የሚመጡት ብክለት ነበር። በ1847 ሁሉም በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አዘዙ። ከ100 እናቶች 18 ያህሉን ይቀጥፍ የነበረው ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ብዙ ባልደረቦቻቸው ግን የሞቱ ምክንያት የገዛ እጃቸው መሆኑን አልተቀበሉም። ዜመልቫይስ በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ በቁስል ብክለት አረፉ። ዛሬ በሕፃናት ሆስፒታሎች ሕሙማንን ከመንካት በፊት እጅ ማጽዳት የሥራ ደንብ ነው፤ ተፈጻሚነቱ ግን አሁንም ክትትል ይሻል።