የልብ አድማጭ ያጡት ንጉሥ

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት በልጅነታቸው ነው። ሸፍተው፣ ተዋግተው፣ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብተው፣ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ቁጣቸውን የሚያበርዱ ሁለት ሰዎች ነበሯቸው፤ እቴጌ ተዋበችና እንግሊዛዊው ወዳጃቸው ጆን ቤል። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፉ። ቤልም በ1853 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ንጉሡን ሲከላከል ሞተ። ቀጥሎ ያገቧቸው እቴጌ ጥሩወርቅ፣ ንጉሡ ድል ነሥተው ያሰሯቸው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ፤ ልባቸው አልገጠመም። ንጉሡ እየከረሩ ሄደው ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። የውድቀታቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ እኛን የነካን ግን ይህ ብቸኝነት ነው።

ዛሬ እዚህ ድሬዳዋ ሆነን በስልክ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት እንችላለን። ሐሳባችን፣ ስሜታችንና ድርጊታችን እንዴት እንደሚያያዙ የሚያሳይ፣ የቤት ሥራም የሚሰጥ ሕክምና አለ። ከመካከላችን ግን የመጀመሪያው ባለሙያ ስላልተመቻት ሁሉን ነገር የተወች እህት አለች።

ከመክፈላችን በፊት ትምህርቱንና የሙያ ፈቃዱን፣ በምን ቋንቋ እንደሚያነጋግር፣ ዋጋውንና ምስጢር አጠባበቁን እንጠይቅ። ከጥቂት ቀጠሮ በኋላ ልባችን ካልተከፈተ ሌላ መፈለግ ነውር አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳንጠብቅ ወደ ሆስፒታል እንሂድ።

ንጉሡ ሌላ ተዋበች አላገኙም። እኛ ፍለጋውን በአንድ ሙከራ አንተወው።