መሐንዲስ ያልነበሩት የቦይ ጌታ

ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ የስዊዝን ቦይ ያስቆፈሩ ሰው ተብለው በዓለም ይታወቃሉ። ሙያቸው ግን ምህንድስና ሳይሆን ዲፕሎማሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 ቬርሳይ ውስጥ የተወለዱት ሌሴፕስ ግብፅ ውስጥ ቆንስላ ሆነው ሲሠሩ ከልጅነቱ የሚያውቁት ሰዒድ በኋላ የአገሩ ገዥ ሆነና በ1854 የቦዩን ፈቃድ ሰጣቸው።

በስዊዝ ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ቁፋሮው የተጀመረው በግዳጅ በሚመጡ ገበሬዎች ጉልበት ነው። የግዳጅ ሥራው ሲቀር፣ በእንፋሎት የሚሠሩ ትላልቅ መቆፈሪያዎች እንዲገቡ አደረጉ። ቦዩም በ1869 ተከፈተ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ድል በኋላ ነው። በ1879 ስለ ፓናማ ቦይ ፓሪስ ላይ ጉባዔ ሲጠራ 73 ዓመታቸው ነበር። ስዊዝ ሜዳና አሸዋ ነው። ፓናማ ግን ተራራ፣ ጭቃና በዝናብ ወቅት የሚያብጥ ቻግሬስ የሚባል ወንዝ ያለበት አገር ነው። ጎዴን ደ ሌፒኔ የተባሉ መሐንዲስ ወንዙ ተገድቦ ሐይቅ ይፈጠር፣ መርከቦችም ሎክ በሚባለው የውኃ በር ከፍ እያሉ ይሻገሩ ሲሉ አሳሰቡ። ሌሴፕስ ግን እንደ ስዊዝ በባሕር ወለል ልክ ይቆፈር ብለው ጉባዔውን አሳመኑ። ቦታውን በዓይናቸው እንኳ አላዩትም ነበር! በኋላም መሐንዲሶች 843 ሚሊዮን ፍራንክ ብለው የገመቱትን ወጪ ወደ 658 ሚሊዮን አወረዱት።

ሥራው በ1881 ሲጀመር ቢጫ ወባና ወባ ሠራተኛውን ፈጁት። የሟቾች ቁጥር ከ20 ሺሕ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በሽታውን ትንኝ እንደምታስተላልፍ ያኔ ስላልተረጋገጠ፣ በዚህ እርሳቸውን መኮነን ፍትሐዊ አይመስለኝም። የሚያስጠይቃቸው ኩባንያቸው በራሱ መጽሔት ለባለአክሲዮኖች መልካም ወሬ ብቻ እየነገረ፣ ለጋዜጦችና ለምክር ቤት አባላት ገንዘብ ሲረጭ መኖሩ ነው። የሎክን ሐሳብ የተቀበሉት በ1887 ሲሆን፣ ያኔ ካዝናው ተራቁቶ ነበር። ኩባንያው በ1889 ሲፈርስ ብዙ መቶ ሺሕ አነስተኛ ቆጣቢዎች ጥሪታቸውን አጡ።

በ1893 የፓሪስ ፍርድ ቤት አምስት ዓመት እስራት ፈረደባቸው። የሰበር ችሎቱ ግን በይርጋ ምክንያት ፍርዱን ሻረው። ሕግ ለተማርን ሰዎች ይህ ነጻ መውጣት አይደለም። ሌሴፕስ በታመመ አእምሮ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይተው በ1894 አረፉ።

ሥራውን በ1904 የተረከቡት አሜሪካውያንም መጀመሪያ ተደናብረው ነበር። በ1905 የመጡት ዋና መሐንዲስ ጆን ስቲቨንስ ቁፋሮውን አስቁመው ቤት፣ ንጹሕ ውኃና የባቡር ሐዲድ አስቀደሙ። በ1914 የተከፈተው የፓናማ ቦይ ባለ ሎክ ነው፤ መርከቦች እስከ ዛሬ የሚያልፉበት ሐይቅም ቻግሬስ ተገድቦ የተፈጠረ ነው።